አሮጊቷ ቴግዌን በበርሚንግሃም

ኤቪዮን ፓሪ ከሚስቱ ከሜና ጋር ከዌልስ ጫፍ እየተነሳ ወደ በርሚንግሃሙ ታላቅ የውሾች ትርኢት ሲመላለስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ቀን ግን ውሻ ይዞ ሜዳ ገብቶ አያውቅም። መኪና ይነዳል፣ ሳጥን ይሸከማል፣ ሻይ ይቀዳል፤ ሜና የውሾቹን ጢም ስታሰማምር ማበጠሪያና ጸጉር ማንጫ ጠመኔ ያቀብላታል። «አንተስ አታሳይም?» ሲሉት «እኔ እኮ ጋሪ ነኝ» ይላል።

በዚያ መጋቢት ይዘው የመጡት ሁለት ሲሊያሞችን ነበር። ሲሊያም እግሩ አጭር፣ ገላው ረጅምና ነጭ፣ ጢሙ የሽማግሌ ነው። ዘሩ የተገኘው እዚያው እነሱ አገር ሲሆን፣ ዱሮ ከጉድጓድ አውሬ ጎትቶ ያወጣ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከመመናመኑ የተነሳ አርቢዎቹ ሁሉ በስም ይተዋወቃሉ። የሜና ተስፋ ወጣቷ ሾነድ ነበረች። አያቷን ቴግዌንን ያስመዘገበቻት ለሽርሽር ያህል ነው፤ አሮጊቷ ካረጀች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የምትውለው።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አንድ የውሻ ብስኩት ሻጭ ለንደን ላይ የጀመረው ይህ ትርኢት አሠራሩ እንደ ወንፊት ነው። መጀመሪያ በየዕድሜው ይወዳደራሉ። ያልተሸነፉት ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶቹም ለብቻ ይፋለማሉ። ከሁለቱ የረታው ማታ ትልቁ መድረክ ላይ ከሌሎች ዘሮች አሸናፊዎች ጋር ይገጥማል።

ጠዋት ሜና ቴግዌንን ይዛ አንጋፋዎቹ ምድብ ገባች፤ አሸነፈች። ሾነድን ይዛ ገባች፤ አሁንም አሸነፈች። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኤቪ፣ ጸጉርህን አበጥር።»

«ለምን?»

«አሁን ያልተሸነፉት ሴቶች በሙሉ አብረው ሊገቡ ነው። እኔ ሁለቱንም መያዝ አልችልም።»

«አሮጊቷን ሂላሪ ትያዝልሽ።»

አጠገባቸው የነበረችው የዮርክሽሯ ሂላሪ የራሷን ውሻ እያበጠረች ሳቀች። «እኔማ ላሸንፋችሁ ነው የመጣሁት። ግባ እንጂ ሰውዬ፣ አትነክስህም።»

ሜና ከረባቱን እያስተካከለች በጥድፊያ መከረችው። «አትጎትታት። ዳኛዋን እንዳታናግር። ይሄን ጉበት ኪስህ ክተት፤ የእሷ ነው፣ አንተ እንዳትበላው።»

ቴግዌንን ይዞ ሜዳው ውስጥ ገባ። ሜዳውን በከበበው ገመድ ዙሪያ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቷል። ደግነቱ ሥራውን ቴግዌን ታውቀዋለች። ጠረጴዛው ላይ ሲያወጣት ሐውልት መስላ ቆመች፤ ዳኛዋ ጥርሷን አይታ ጀርባዋንና ጭኗን ዳሰሰች። «ሂዱና ተመለሱ» ሲባሉም እሱ ይዟት ሳይሆን እሷ ይዛው ሄደች። ያቺ የሶፋ አሮጊት አንገቷን ቀና፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ምንጣፉን ታስነካው ጀመር። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ስትሰማ ባሰባት። ኤቪዮን እየሮጠ ይስቅ ነበር።

ዳኛዋ ሾነድን ደግማ አስኬደቻት። ቴግዌንንም እንደዚያው። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሁለቱን አመዛዘነች። ከዚያ በሜና ፊት አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ኤቪዮን መጣችና እጇን ዘረጋችለት።

«ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምንም አላጠፉም። አሸንፈዋል።»

ዞሮ ሚስቱን አያት። በመጀመሪያ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ አልነበረም፤ ሾነድን ለዚህ ቀን ስታዘጋጅ ስንት ወራት ለፍታለች። ወዲያው ግን ሳቅ አመለጣትና መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አንተ ጋሪ» አለችው። «በገዛ ውሻዬ አሸነፍከኝ።»

ከዚያ ቴግዌን የወንዶቹን አሸናፊም ረታች።

ማታ ትልቁ አዳራሽ በር ላይ ኤቪዮን የቴግዌንን ገመድ ለሜና ሰጣት። «እዚህ መድረክ ላይ መውጣት ያንቺ ሕልም ነው።»

ሜና ለይሉኝታ ያህል እንኳ አላንገራገረችም። «ብትለምነኝም አልሰጥህም ነበር። አገር በቴሌቪዥን እያየ ተደናቅፈህ ልታዋርደኝ?»

እሱ ሂላሪ አጠገብ ተቀመጠ። መብራቱ ሲበራ ነጯ አሮጊትና ሚስቱ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ እኩል ሲራመዱ አየ። ሺህ ሰው እየጮኸ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ግን እሱ ነው። የማታው ዳኛ ጥቂቶቹን ለይቶ ሲያስቀር ቴግዌን አብራ ቀረች። ኤቪዮን የሂላሪን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«ክንዴን ልቀቀው፣ ይበልዛል» አለች እሷ፣ ራሷም ከወንበሯ ብድግ ብላ።

አንደኛ ሌላ ወጣ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ሌላ። በመጨረሻው ሽልማት፣ በአራተኛው፣ ዳኛው ወደ ሜና ጠቆመ። ሜና ተንበርክካ ፊቷን በቴግዌን ጢም ውስጥ ቀበረች፤ ሂላሪና ኤቪዮን ተቃቅፈው ዘለሉ።

በማግስቱ ወደ ዌልስ ሲመለሱ መንገዱን በሙሉ ያወራችው ሜና ናት፤ ኤቪዮን ድምፁ ጨርሶ ስለተዘጋ መሪውን ይዞ ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ነበር።