ጋሽ ጋራዥ ቦርሳውን ሲያቀል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ሴት ልጁ የተራራ ብስክሌት አስለመደችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋት የሚነዱት ጓደኞቿ ደግሞ «ጋሽ ጋራዥ» አሉት። ስሙን ያወጣለት ቦርሳው ነው። ለአንድ ጋራዥ የሚበቃ የጥገና ዕቃ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ መውጣት ከተባለ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ልጁ ቦርሳውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና የወጥ ቤቱን ሚዛን አመጣች።

«አባዬ፣ ይሄ መዶሻ ነው?»

«ትንሽዬ እኮ ናት።»

«ብስክሌት በመዶሻ ምን ይደረጋል?»

«አይታወቅም» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ሚዛኑ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አለ። እሱ ደነገጠ፤ ትከሻው ግን አልደነገጠም፣ ድሮም ያውቀዋል።

መምረጥ ጀመሩ። ከባዶቹ መፍቻዎች ቀርተው እንደ ሰንጢ የምትታጠፍ፣ ስድስት መፍቻና አንዲት ስለት ያላት ዕቃ ገባች። ትልቁ መንፊያ በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ መንፊያ ተተካ። አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ። ከዚያ ፒንሳው ላይ ደረሱ። ሥራ የጀመረ ቀን አለቃው የሰጠው ነው፤ እጀታው የእጁን ቅርጽ ይዟል።

«እሱን አንተው ወስን» አለች።

አገላብጦ አገላብጦ መሳቢያ ውስጥ አስገባው፤ መሳቢያውንም የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የፈራ ያህል ቀስ ብሎ ዘጋው። ቦርሳው ውስጥ የቀረው ዕቃ ስድስት መቶ ግራም መዘነ።

በማግስቱ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስለታም ድንጋይ የልጁን ጎማ ጎኑን ቀደደው። ሁለት ጣት ያስገባል። አዲስ የውስጥ ጎማ ቢገባም በቀዳዳው አብጦ ወጥቶ መፈንዳቱ ነው።

«ወይኔ አባዬ! አስጥዬህ አስጥዬህ ዛሬ ጉድ ሠራሁህ!»

«መዶሻው ቢኖርስ ምን ያደርግልሽ ነበር?» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ያንን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አምጪ።»

በስለቷ ከፕላስቲኩ ቁራጭ ቆረጠ፤ የውስጡን ጎማ እንዳይወጋው ጠርዙን ድንጋይ ላይ አሸት አሸት አድርጎ አለሰለሰው፤ ከቀዳዳው በስተውስጥ ደግፎ ገጠመው፤ ትርፉን የውስጥ ጎማም አስገባ። ከዚያ በዚያች ሚጢጢ መንፊያ ተራ በተራ እየቆጠሩ መንፋት ሆነ። ሁለት መቶ ላይ ሲደርሱ ልጁ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ልትጀምር ስትል ሁለቱም በሳቅ ወደቁ።

ጎማው ያዘ። እየፈራች ነዳች፤ ከዚያ መፍራቱንም ተወችው። ጋሽ ጋራዥ ከኋላዋ አልራቀም፤ ትንፋሹ ቢያጥርም ጀርባው ቀሎት ነበር። ጫፍ ላይ እንደ ወትሮው እሱን ለረጅም ሰዓት ሊጠብቁ የተዘጋጁት ጓደኞቿ አብረው መድረሳቸውን ሲያዩ አንዱ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ «ቆሞብኛል መሰለኝ» አለ።

አባትና ልጅ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አንድ ብርቱካን ለሁለት ተካፈሉ። የራሱን ድርሻ ቶሎ ጨርሶ ተነሣ።

«ቁልቁለቱን እኔ ልምራ» አላት።