ኮይ የቀናበት እንቅልፍ

ቀትር ሲሆን አንጋፋዋ ሰፊ እማማ ባይ መብራቱን ያጠፋሉ፤ የስፌት መኪኖቹም ተራ በተራ ጸጥ ይላሉ። ሠራተኛው ሩዙን በልቶ፣ ካርቶኑን በየመኪናው ሥር ዘርግቶ ጋደም ይላል። ሳይጎን ውስጥ በዚህ ሰዓት ሰው መቀስቀስ ከአፉ ጉርሻ እንደ መንጠቅ ነው።

በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የሚንጎራደድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት ኮይ። ለአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ የዝናብ ልብስ ሊያስረክብ ከተዋዋለ ወዲህ እንቅልፍ ቀንም ሌሊትም ጥሎት ሄዷል። ጥርሱን ነክሶ ስለሚያድር ጠዋት ጠዋት መንጋጋውን ያመዋል። ዝናቡ ሳይገባ ልብሱ ካልደረሰ ገበያ አዳራሹ ፊቱን ወደ ሌላ ማዞሩ አይቀርም። በጊዜው ሊያደርስለት የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ቪን። ይህን ከቦዩ ማዶ ያለው ተፎካካሪው ኩዊም ያውቃል፤ ቪንን ሊወስደው እንደሚፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

ቪን ግን ተኝቷል።

ያው ትእዛዝ በእሱም ጫንቃ ላይ ነው። ሆኖም መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ከመድፋቱ እንቅልፍ ይወስደዋል። ኮይ ከራስጌው ቆሞ ደረቱ ቀስ እያለ ሲወጣና ሲወርድ ያያል። ሰው በሰው ቤት ይቀናል፣ በሰው ሚስት ይቀናል፤ ኮይ የቀናው በዚያ ደረት ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ዲየፕ ምሳ ይዛለት መጣች። ቪንን ስታይ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

«ታድሎ። ሲተኛ እኮ ልጅ ነው የሚመስለው።»

«ምን አለበት እሱ፤ የሚያስብለት ሰው አለው» አለ ኮይ።

«አንተም ጋደም በልና እኔ ላስብልህ።»

ፈገግ ብላ ቬንትሌተሩን ወደ ቪን ዞር አደረገችና ሄደች። ኮይ ምሳውን ሳይነካው ቀረ።

በማግስቱ ጎንበስ ብሎ የቪንን ትከሻ ነቀነቀ። «ዚፑ መጥቷል?»

«ጠዋት ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ስለ ክሩ ቀሰቀሰው፤ ሌላ ቀን ስለ ቁልፉ። በመጨረሻ ደንብ አወጣ። ኃላፊ የሆነ ሰው ቀትር ላይ ስብሰባ ይቀመጣል እንጂ አይተኛም። በቤቱ ውስጥ ኃላፊ የሚባለው ቪን ብቻ ስለነበር ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«የሁለት ሰው ስብሰባ ደግሞ የት አገር ነው» አሉ እማማ ባይ ከካርቶናቸው ላይ። «ይሄ ችሎት ነው።»

ብዙም ሳይቆይ የቪን ዓይን ደም መሰለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ቆልሎ፣ የእጅጌውን የወረቀት ሞዴል ለቀኙ መገልበጥ ረስቶ ቆረጠው። የቁልሉ እጅጌ ሁሉ የግራ ሆኖ ወጣ። ሰፊዎቹ እያነሱ ተያዩ።

«ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ ይፈለግ» አለች አንዷ።

ኮይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከቁጣው ቀድሞ ግን አንዳች ደስታ ሆዱ ውስጥ ብልጭ አለ። ለካ እሱም ይሳሳታል። ወዲያው በገዛ ደስታው ደነገጠ፤ የተበላሸው ጨርቅ የራሱ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ቪን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ «ኩዊ ጋ ልሄድ ነው» አለ።

«እሱ ጋ ምን አለ?»

«እንቅልፍ።»

«ለእንቅልፍ ብለህ ነው ጥለኸኝ የምትሄደው?»

«ጋሼ፣ በፊት እኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንተ ስለማትተኛ ነበር። ጋሼ ቆሟል፣ አንድ ነገር ቢፈጠር እሱ ያያል እልና ዓይኔን እከድናለሁ። ኋላ ግን ዓይንህ ከበደኝ። ባርኔጣው ሥር ሆኜ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ምን በደልኩህ?»

ኮይ ስለ ሥራ ሥርዓት የሆነ ነገር ሊናገር አሰበ። መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ተወው።

«ቀናሁብህ» አለ።

«በምኔ?»

«በመተኛትህ።»

ቪን ሊስቅ ነበር፤ የኮይን የጠቆረ የዓይን ሥር ሲያይ ሳቁ ጠፋበት። ከድንግዝግዙ ውስጥ የእማማ ባይ ድምፅ መጣ።

«እናንተ ሰዎች፣ ወይ ውጡና ተጣሉ፣ ወይ ተኙ። ስንነሳ መርፌው የሚወጋው የእኛን ጣት ነው።»

ቪን ተነሳ። ካርቶኑን ለሁለት ቀደደና ግማሹን ወደ ኮይ ገፋለት።

«ዝናቡ እስኪገባ እቆያለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ስብሰባ ግን የለም።»

«የለም።»

ጎን ለጎን ተጋደሙ። ኮይ ዓይኑን ጨፈነ፤ የመጣለት ግን እንቅልፍ ሳይሆን ዚፑና ክሩ፣ ዳግም የሚቆረጠው እጅጌ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቪን ማንኮራፋት ጀመረ። ቅናቱ እንደገና መጣ። ያም ሆኖ ኮይ ሊቀሰቅሰው እጁን አልዘረጋም። ዓይኑ እንዳይከብደው ፊቱን ከቪን አዙሮ ማንኮራፋቱን ያዳምጥ ጀመር፤ ባቆመ ቁጥር ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ሲቀጥል መንጋጋው ላላ ይላል። እዚህ የሚያንኮራፋ ሰው፣ ቢያንስ ለዛሬ፣ ወደ ቦዩ ማዶ አልተሻገረም።