ለብቻው የሚገጠመው የቀን መቁጠሪያ

ወይዘሮ ዕፀገነት የልጅ ልጃቸው ቤዛዊት ከሰው ስትከራከር መስማት አይወዱም። ቅዳሜ ረፋድ ግን ወሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለው ከመስማት በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ቤዛዊትና ጓደኛዋ ሚስባህ አንድ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው ይነታረካሉ።

ሁለቱ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው፣ መድኃኒት ቤቶች በነጻ የሚያወርዱት፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ፣ የመድኃኒቶችን የማብቂያ ጊዜ የሚከታተል ሶፍትዌር ይሠራሉ። የአጠቃቀም መመሪያውን የጻፈችው ቤዛዊት ናት። ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲጻፍ፣ ሌላ ሰው የሠራውን፣ ለብቻው ወርዶ የሚገጠም፣ ላይብረሪ የሚሉትን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ ብላበታለች። ሚስባህን ያላስደሰተው ይኸው ነው።

«ሰውዬው ነገ ሰልችቶት ቢተወውስ? መመሪያችን አብሮት ገደል ይገባል። ያለ ምንም ተጨማሪ የሚሠራውን ብቻ እንጻፍ።»

«ባለ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ጥርን ወደ ፈረንጅ ወር በጣቱ ይቁጠር? አንተ ራስህ የተወለድክበትን ቀን በፈረንጅ አታውቀውም።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ነው?»

ሚስባህ ሳቀ። «ስልኬ ላይ አለ።»

ከሰዓት ቡድኑ በኢንተርኔት ተሰብስቦ የመመሪያውን ኃላፊ ይመርጣል። የሁሉም ዓይን ያረፈው ቤዛዊት ላይ ነው። ወይዘሮ ዕፀገነት ይህን ከሰሙ ወዲህ፣ አንድ ነገር ያደናቅፍብኛል እያሉ ሲሰጉ ሰንብተዋል።

የቤዛዊት ስልክ ጮኸ። አትላስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ያላት ሰኪና ናት።

«ቤዚ፣ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ልሰጥ ስል ጠርሙሱን አየሁት፤ ጊዜው አልፎበታል። የእናንተ ፕሮግራም ደግሞ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ይለኛል።»

«ሰጠሻት?»

«ኧረ አልሰጠኋትም።»

ጠያይቀው ደረሱበት። ላይብረሪው አልጫን ብሎ ቀይ የስህተት ጽሑፍ አምጥቶባት ነበር። መመሪያው ስለ ቀዩ ጽሑፍ ምንም ስላላለ፣ ሰኪና አለፈችውና መድኃኒቶቿን የቆጠረችበትን ቀን እንደ ልማዷ ጥር 2018 ብላ ሞላች። ሶፍትዌሩ የፈረንጅ 2018 መሰለው። ጠርሙሱ ላይ ያለው የማብቂያ ዓመት፣ የፈረንጅ 2025፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲቆጠር፣ መድኃኒቱ ትኩስ ነው።

ሚስባህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነግሬሽ ነበር አልልም።»

«አልከው እኮ።»

ቤዛዊት ለተጠቃሚዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ልትጽፍ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ወይዘሮ ዕፀገነት ብድግ አሉ።

«ምን ልትጽፊ ነው? ቀዩን ያለፈችው እሷ፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

«እምዬ፣ ሌላዋ ጠርሙሱን ሳታይ ብትሰጥስ?»

«እሺ ጻፊ፤ ስምሽን ግን ተይው። ወይም ምርጫው ይለፍ። ለአንድ ከሰዓት ማን ይሞታል?»

ቤዛዊት ቀና ብላ አየቻቸው። «ስህተቱ እኔ በጻፍኩት ምዕራፍ ውስጥ ነው» ብላ መጻፍ ጀመረች፤ ስሟን ከሥር አስፍራ ላከችው። ወይዘሮ ዕፀገነት የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ላይ ያዙ።

ከሰዓት ቡድኑ ብዙም አልተከራከረም። መመሪያው ከእንግዲህ ሶፍትዌሩ ያለ ተጨማሪ በሚሠራው ላይ ብቻ እንዲቆም፣ ላይብረሪው መጨረሻ ላይ «ለፈለገ» ተብሎ፣ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ተጨምሮበት እንዲቀመጥ ተስማሙ። ኃላፊነቱን ለሚስባህ ሰጡት። ቤዛዊትም ድምፅ የሰጠችው ለእሱ ነው።

ዘግይቶ ምሳ ቀረበ። በዚህ ቤት ሚስባህ ምሳ ሲበላ፣ ወይዘሮ ዕፀገነት «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ሽሮውን እንጀራው ላይ ሲደፉለት ነበር የኖሩት። ዛሬ ሳህኑን አስቀመጡለትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሚስባህ በልቶ ጨረሰ፤ ትንሽ ጠበቀ።

«እማማ፣ ዛሬ ጨምር አይሉኝም?»

«እጅ አለህ» አሉት።