ባለ መጋረጃው የመርከብ አዛዥ

አማቴ እማማ ሀረገወይን ቤታችንን ላይረግጡ የማሉት፣ ልጃቸው ናዖድ እኛ ጴንጤዎቹ ቸርች መጥቶ ሲያገባኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሉበት ከሳን ሆዜ እኛ እስካለንበት ኦክላንድ ድረስ ድፎ ዳቧቸው ሲመጣ እሳቸው አልመጡም። እኔ ደግሞ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ልጄ አያቱን በስልክ ብቻ እንዲያውቅ አልፈለግሁም።

አንድ ቅዳሜ ናዖድ ኦክላንድ ካለ የዓይን ሐኪም ሲመልሳቸው ሰፈራችን አካባቢ ሽንታቸው መጣ። ሽንት መሐላ አያውቅምና ገቡ።

ሲወጡ ሳሎን ላይ ቀጥ አሉ። ናዖድ ቲቪ እሰቅላለሁ ብሎ የቦረቦረውን ግድግዳ እኔ ከበርክሌ አሮጌ ዕቃ ሻጭ በገዛሁት ሥዕል ሸፍኜዋለሁ። በመዳብ ተቀርጾ የታተመ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የነበረ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አዛዥ ነው። ጥቅልል ነጭ ፀጉር፣ ከጀርባው ደመና፣ ከግርጌው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ። እማማ ዓይናቸው በሐኪሙ ጠብታ እንደፈዘዘ ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስት ጊዜ ሰገዱ።

«እናንተም ቤት ሥዕል አለ ለካ! እኚህ ጻድቅ ማን ናቸው?»

ናዖድ እኔን አየ፤ እኔ ጣሪያውን።

«የጥንት ሰው ናቸው፣ እማማ» አልኩ። ይህቺ እንኳ ውሸት አይደለችም።

በሳምንቱ በባርት ባቡር ተሳፍረው ብቻቸውን መጡ፤ ቀይ መጋረጃ ይዘው። «ሥዕል ራቁቱን አይሰቀልም» ብለው ወንበር ላይ ወጥተው ራሳቸው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልቀሩም። ያበጠ እግሬን ያሹልኛል፣ አብስለው ያበሉኛል፣ ናዖድን ይቆጡልኛል። መጋረጃውን ግን አንድ ቀን አልገለጡትም።

እኔ በጣም ወደድኳቸው፤ በጣምም ፈራሁ። እውነቱን ያወቁ ዕለት ዳግመኛ አይመጡም። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ግን ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ምሳ እያቀረቡ ሳለ ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«ሶሪ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጻድቅ አይደለም። የመርከብ አዛዥ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉና ከግርጌው ያለውን ፈረንሳይኛ ሳይደናቀፉ አነበቡት።

«አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ፈረንሳይኛውን ከሀ ሁ እኩል ነው ያስቆጠረኝ።»

«መቼ አወቁ?»

«መጋረጃውን ስሰቅል። ከዚያ ወዲያ ስሰግድ አይተሽኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር።

«ምዬ ነበር እኮ ልጄ። አውቄያለሁ ብልሽ በምን ሰበብ እመጣ ነበር?»

አለቀስኩ። ላቅፋቸው ብል ሆዴ መሃል ገብቶ አላደርሰኝ አለ።

«ቀስ በይ» አሉኝ፤ የእሳቸውም ዓይን ርሷል። «በይ አሁን መጋረጃውን መልሺው፣ ምሳ ቀርቧል። ይሄ ሰውዬ አፍጥጦ እያየኝ አልበላም።»