የሳይክሉ ማቆሚያ ቁመት

አስናቀው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአይሱዙ ከሳንጃ ጎንደር ሰሊጥ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ካቻምና ትርፍ ጎማ ሊያወርድ ጎንበስ እንዳለ ወገቡ ቀጭ አለ፤ ሾፌርነቱም በዚያው አበቃ። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ ካየ በኋላ፣ «ከባድ አታንሣ፣ አትጎንበስ፣ መኪና መንዳቱንም ተወው» አለው። እሱም መኪናውን ለባለንብረቱ አስረክቦ ፀዳ ከተማ ካለው ቤቱ ገባ።

መቀመጡን ግን እጁ እሺ አላለውም። ልጁ ፋሲካ አዘዞ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ነዳጅ እየጠፋ፣ ታክሲ ስትጠብቅ ማርፈዱ ሲበዛባት ያገለገለች ሳይክል ገዛች። ሳይክሏ ወፍራም ብረት፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ጠንካራና ከባድ ናት። አስናቀው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግቢው ውስጥ ይገለብጣትና በኮርቻዋና በመሪዋ ያቆማታል። ካቴናዋን በናፍጣ ያጥባል፣ ፍሬኗን ያጠብቃል፣ ጎማዋን እያሽከረከረ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። ያን ሰዓት የሚያናግረው ሰው አይወድም።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ ካቴናዋን ሊያጥብ እንደ ጎነበሰ ቀና ማለት አቃተው። ሚስቱ አባይነሽና ፋሲካ በግራና በቀኝ ብብቱን ይዘው አነሡት። አልጋው ላይ ካስተኙት በኋላ አባይነሽ፣ «ሁለተኛ መሬት ላይ ስትደፋ እንዳላይህ» አለችው።

«ታዲያ ሳይክሏን ማን ይይዛታል?»

«ማቆሚያ አለ አሉ» አለች ፋሲካ። «ሳይክሉን ከፍ አድርጎ የሚይዝ። ጎንደር አራዳ ይሸጣል።»

ቅዳሜ ፋሲካ ሳይክሏን እየነዳች፣ አስናቀው በታክሲ፣ አራዳ ካለው የሳይክል ዕቃ መሸጫ ተገናኙ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ማቆሚያ አወጣላቸው። አንዱ አጭር ነው፤ የኋላ ጎማዋን ብቻ ከመሬት ያነሣል። አስናቀው አየት አደረገና፣ «ይህማ ያው መጎንበስ ነው» ብሎ ተወው። ሁለተኛው ሦስት እግር ያለው፣ የሚታጠፍ፣ አናቱ ላይ እንደ ሞርሳ የሚነክስ መያዣ ያለው ነበር።

«አባት፣ ቆመው ነው የሚሠሩ ተቀምጠው?» አለ ባለሱቁ።

«ቆሜ ነው እንጂ!» አለ አስናቀው፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ባለሱቁ ማቆሚያውን ደረቱ ድረስ አስረዘመለት። ፋሲካና ባለሱቁ ሳይክሏን አንሥተው በመያዣው አስነከሷት። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ የኋላዋ በዕቃ መጫኛው ክብደት ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፤ መያዣውም አብሮ ዞረ። ባለሱቁ ብሎኑን ደግሞ ቢያጠብቀው የመያዣው ፕላስቲክ ጮኸ።

«አልዋሽዎትም» አለ ባለሱቁ፣ ሳይክሏን እያወረደ። «ይህ ለቀላል ሳይክል ነው። የእናንተ ሌላ ጉልበት ትፈልጋለች።»

አስናቀው ሰውየውን ስለ እውነቱ ወደደው። አመስግኖት ወጣና ለፋሲካ፣ «ታከለ ይሠራልኛል» አላት።

ታከለ አዘዞ ውስጥ ብረት በያጅ ነው። የአይሱዙው የጭነት መያዣ ካሳ በተሰነጠቀ ቁጥር የሚበይድለት እሱ ስለነበር ከአስናቀው ጋር ድሮ ነው የሚተዋወቁ። ሰኞ ዕለት አስናቀው የሚፈልገውን በእጁ አየር ላይ እየሳለ ነገረው። ታከለ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ሸጋ። የውሃ ቱቦ አቆማለሁ፤ ሥሩን ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ እበይደዋለሁ፣ አይወድቅም። መያዣውን በካላማዳሪ ጎማ እለብጠዋለሁ፣ ቀለሟን አይልጣትም። ቁመቱ ምን ያህል ይሁን አያ አስናቀው?» አለው።

«ደረቴ ድረስ። ቆሜ ነው የምሠራው።»

ታከለ አስናቀውን አየው። አስናቀው የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ግራ እግሩን ከመሬት ጥቂት አንሥቶ ነበር። ታከለ ሜትሩን ዘረጋና እስከ ደረቱ ለካ።

ማቆሚያው በሳምንቱ በጋሪ መጣ። ፋሲካ ሳይክሏን ሰቀለችለት፤ ዝንፍ አላለችም። አስናቀው የብሎን ቁልፉን ይዞ ፊት ለፊቷ ቆመ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ደስ አለው፤ ሁሉ ነገር ከዓይኑ ሥር ነው። ከዚያ ግን ከወገቡ የተነሣው ሕመም በግራ ጭኑ ወረደና እግሩ ደነዘዘ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ገባ። ተመልሶ ትንሽ ነካካ፤ ደግሞ ስልክ ልደውል ብሎ ገባ። ሁለት እሑድ እንዲህ አለፈ። ለማንም አልተናገረም።

በሦስተኛው እሑድ የፊት ፍሬኑን ሽቦ አዲስ አስገባ። ብሎኑን በጣቱ ያዝ አድርጎ፣ በቁልፍ ሊያጠብቀው ሲል እግሩ ከዳው፤ ማቆሚያው ላይ ተንጠላጥሎ ዳነ። ትንሽ ልረፍ ብሎ ገብቶ አልጋው ላይ ተዘረጋ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነሣ ፋሲካ ሳይክሏን አውርዳ ቤት አስገብታታለች። ፍሬኑን ከነጭራሹ ረሳው።

ሰኞ ጠዋት ፋሲካ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ወደ ወንዙ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ስትይዝ የፊት ፍሬኑን ብትጨብጠው ባዶ ሆነባት። ሽቦው ሾልኮ ወጥቷል። የኋላው ብቻውን አልበቃትም። መሪውን ወደ መንገዱ ዳር መልሳ ከአሸዋ ክምር ላይ ወደቀች። ሁለት ጉልበቷ ተላላጠ እንጂ ሌላ አልሆነችም። ሳይክሏን እየገፋች ወደ ቤት ተመለሰች።

አስናቀው በር ላይ ሲያያት ሳይክሏን ከእጇ ተቀበላት።

«ምንም አልሆንኩም» አለች ቶሎ ብላ። «ግን ምነው አባየ፣ ሽቦውን አላጠበቅኸውም እንዴ?»

አባይነሽ ውሃና ጨርቅ ይዛ ወጣች። አስናቀው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የልጁን ጉልበት እያየ፣ «አላጠበቅሁትም» አለ። «እግሬ ደነዘዘብኝ። ልረፍ ብዬ ገባሁ፤ ተኛሁ፤ ረሳሁት። ቆሜ መሥራት አልችልም። ከሩብ ሰዓት በላይ መቆም አልችልም። ከካቻምና ጀምሮ ነው።»

አባይነሽ የፋሲካን ጉልበት ማጠቧን ሳታቆም፣ «እኛ መቼ ቁም አልንህ?» አለችው።

 ማንም አላለውም። የሚታገለው ብቻውን ነበር።

ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ፋሲካ ማቆሚያውን በጋሪ አስጭና አባቷን አስከትላ ታከለ ዘንድ ሄደች። አስናቀው ታከለን፣ «ቁረጥልኝ» አለው።

«ከየት ላይ?»

«ተቀምጬ ነው የምሠራው።»

ታከለ ዱካ አመጣና አስቀመጠው። «በል ቁልፍ እንደ ያዝህ እጅህን ዘርጋ። ትከሻህን አታንሣው፤ እንዲያው በምቾትህ።» አስናቀው እጁን ዘረጋ። ታከለ በቱቦው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ።

«ያኔም ጠርጥሬ ነበር አያ አስናቀው» አለ ጠመኔውን ኪሱ እየከተተ። «ግን ሰው ልኬ ይህ ነው ሲል፣ አይደለም አይባልም።»

መቁረጫውን አንሥቶ ሊጀምር ሲል ፋሲካ፣ «ጋሼ ታከለ፣ ከፍና ዝቅ የሚል አይሆንም?» አለችው። «እኔ ደግሞ ቆሜ ልማር። ዛሬ ሽቦውን ማሰር ባውቅ ኖሮ ገና ከቤት ሳልወጣ መላላቱን አየው ነበር።»

ታከለ ትንሽ አሰበና ወፍራሙን ቱቦ አሳጥሮ በውስጡ ቀጭን ቱቦ ከተተ። ቱቦዎቹን ሁለት ቦታ በሳቸውና በቀዳዳው ሾልኮ ቁመቱን የሚይዝ ጣት የሚያህል ብረት ሰጣቸው። የታችኛው ቀዳዳ ለአስናቀው፣ የላይኛው ለፋሲካ ሆነ።

በሚቀጥለው እሑድ ፋሲካ የፊት ፍሬኑን ሽቦ ራሷ አሰረች፤ አስናቀው ዱካው ላይ ሆኖ፣ «ሳብ አድርጊው፤ አሁን ብሎኑን፤ አይ፣ ገና ነው፣ ድገሚው» እያለ። ሁለት ጊዜ ፈታችው፤ በሦስተኛው ያዘ። ከዚያ ማቆሚያውን ዝቅ አደረጉትና እሱ ካቴናዋን ተቀምጦ አጠበ። ምሳ ሲደርስ አባይነሽ ጠራቻቸው። አስናቀው እጁን ታጥቦ፣ «መጀመሪያ ጥቂት ጋደም ልበል፤ ወገቤ ደክሞታል» አላትና ገባ። ትራሱን ያመቻቸችለት ራሷ አባይነሽ ናት።