የሰው ቆሽት

አራሚዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር ስለነበረባት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን በመርፌ ስትወጋ ኖራለች። ቀን በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ስታርም ትውላለች፤ ከምሳ በፊት መርፌ፣ ከራት በፊት መርፌ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በመኪና አደጋ የሞተ፣ የማታውቀው ሰው ቆሽት ሆዷ ውስጥ ተተከለላትና ከመርፌው ተገላገለች። የአውቶቡስ ሹፌር ከሆነው ታላቅ ወንድሟ ጋር ሲከራከሩ፣ «ጋሼ፣ ቆሽቴን አታሳርረው!» ትለዋለች። እሱም፣ «የሰው ንብረት ምን አግብቶኝ አሳርራለሁ!» እያለ ያስቃታል።

በቅርቡ ግን የደም ምርመራዋ ሳያምር ቀረ። ሐኪሟ ውጤቱን ደጋግማ አይታ፣ «ሰውነትሽ ቆሽቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየተዋጋው ይሆናል። እርግጡን ለማወቅ በመርፌ ትንሽ ቁራጭ ወስደን ማየት አለብን» አለቻት።

«ሳትነኩት ውጊያውን የሚያስቆመውን መድኃኒት ብትሰጡኝስ?»

«በግምት? መድኃኒቱ ከባድ ነው። ያለ ምክንያት ከወሰድሽው ለሌላ በሽታ ያጋልጥሻል።»

ሦስት ቀን እሺ ሳትል ቆየች። መርፌ ፈርታ አይደለም። የሟቹ እናት በለቅሶ መሀል እሺ ብላ የሰጠችው ነገር በእሷ ምክንያት እንዳይበላሽ ነው። ይህንኑ ለወንድሟ ስትነግረው ቀልዱን ትቶ፣ «እየታመመ ዝም ብለሽ ካየሽውስ፣ ጠበቅሽው ይባላል?» አላት።

በማግስቱ ሄዳ ቁራጩ እንዲወሰድ ፈረመች።

የራጅ ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው የአልትራሳውንዱን እጀታ እያንሸራተቱ፣ «አልፎ አልፎ ሊደማ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በሰላም ያልቃል። እኔም በማላየው ቦታ መርፌ አልሰድም» አሏት። ብዙ ፈለጉ። አንጀቷ ቆሽቱን ሸፍኖ መንገድ ከለከላቸው። መርፌውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ተዉት እንዴ?»

«ኧረ አልተውኩም። እስቲ ወደ ግራ ዘንበል በይልኝ፣ ልጄ።»

በእጀታው ጫን ሲሉ አንጀቷ ገለል አለ። «አሁን ትንፋሽሽን ያዢ።» በስክሪኑ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ቀስ እያለ ሲገባ አየችው። መርፌው ቀጭ ብሎ ቁራጩን ወሰደ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገሙት።

ለስድስት ሰዓት በጀርባዋ ተኛች። ነርሷ እየተመላለሰች የደም ግፊቷን ትለካለች፤ ወንድሟ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ አጠገቧ ተቀምጧል። ማምሻውን ሽማግሌው ደግመው አዩአት። አልደማም።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። የተፈራው ደርሷል፤ ነገር ግን ገና ጅምሩ ነው። አልጋ ይዛ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ወሰደች። ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፍ ነሳት፣ ቀኖቹ አልገፋ አሏት።

በአራተኛው ሳምንት ሐኪሟ፣ «ውጊያው ቆሟል፤ ቆሽቱ ጠባሳ ቀርቶበታል። የቀረው ግን ይሠራል። ወደፊት ደግሞ ሊያመው ይችላል፤ ያኔም እንደገና እናየዋለን» አለቻት።

«እሺ» አለች አራሚዋ።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አየና ቦርሳዋን ተቀበላት። ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።