እናት ቤት ለሌለችበት

ማቱራባይ በገዛ ልጇ በር ላይ ተራ ይዛ የተቀመጠችው ሆዷ ከደረቀ ሰንብቶ ስለነበር ነው። ነገሩ ለመናገር ያሳፍራል፤ ግን የታሪኩ ሥር እሱ ስለሆነ አንሸፋፍነውም። ጠዋት ጠዋት የውሃ ጣሳዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፤ እንደሄደች ትመለሳለች።

ልጇ ሞሬሽዋር በህንድ አገር በክሪሽና ወንዝ ዳር ባለችው ከተማ ስሙ የገነነ የባህል ሐኪም ነው፤ በተለይ ለሆድ። ደረቀብኝ ላለው ሂርዳ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ዘሩን ጥሎ፣ ወቅጦ፣ ማታ በሞቀ ውሃ ያስጠጣዋል። ምግብ አስጠላኝ ላለው ቁራጩን ያስኝከዋል፤ ሆዴ ላላ ላለው ቀቅሎ ይሰጠዋል። መድኃኒቱን ሲያቀብል አንዲት የአገሩን አባባል መጨመር ይወዳል፦ «እናቱ ቤት ለሌለችበት ሰው፣ ሂርዳ እናቱ ናት።» ሰው ይስቃል፣ ይመርቀዋል።

የእሱ እናት ግን ቤት አለች። ግቢውን ተሻግሮ፣ ከላሞቹ በረት አጠገብ ባለችው ክፍል ናት። የፊተኛው ቤት ለበሽተኛ ሲያስፈልግ «እኔ ምን ሥራ አለኝ፣ እዚያ ይበቃኛል» ብላ ራሷ ነች የገባችው። ልጇ አትሂጂ እስኪላት ጠብቃ ነበር፤ አላላትም።

ምግቧን የቤቱ ሠራተኛ በማለዳ አስቀምጣላት ትሄዳለች፤ የማሽላ ቂጣው ቀትር ሲሆን ጥርስ ይፈትናል። ሞሬሽዋር በግቢው ሲያልፍ ሳይቆም «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ለጀርባው። የሆድ ድርቀት ደግሞ ለጀርባ አይነገርም። ሆድ ካገር ይሰፋል ብላ እስከቻለች ድረስ ቻለችው።

ያመጣቻት ጎረቤቷ ሱማን ናት፤ ለማንም የማትመለስ ምላሰኛ።

«እትዬ፣ አገር ሙሉ ከዚህ ቤት ድኖ ይሄዳል፤ እርስዎ እዚሁ ሊሞቱ ነው?»

«ልጄ እኮ ነው። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ያውም ሰው ፊት።»

«እኔ እነግረዋለሁ። እርስዎ በሳሪዎ ጫፍ ፊትዎን ይሸፈኑና እጅዎን ብቻ ይስጡ።»

ማቱራባይ ተሸፍና፣ በመንገድ ዞረው በፊት ለፊት በር ገቡ። ተራ ጠባቂዎቹ ተሸፍናም አወቋት፤ ግን ጠጋ ጠጋ ብለው እንደ እንግዳ ቦታ ሰጧት። ያ ከስድብ በላይ አቃጠላት። ልነሣ ስትል ተራዋ ደረሰ።

ሞሬሽዋር የደም ሥር ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍናል። ኩራቱም ይቺው ናት፤ ፊት ይዋሻል፣ ደም ሥር አይዋሽም ይላል። የሴት የሚዳሰሰው ግራ እጇ ነውና ወጉ፣ ግራዋን ሰጠችው። ጣቶቹን አሳረፈ። ሞቃት ነበሩ። በልጅነቱ ቁርጠት ሲነሣበት ሆዱን በዘይት ያሸችው በዚሁ እጅ ነው፤ አሁን ያውቀዋል ብላ ፈራች። ፈራች እንበል እንጂ ተመኝታም ነበር።

«ምን አገኛቸው?» አለ።

«ሆዳቸው ደርቋል» አለች ሱማን። «ዓይን አፋር ናቸው፣ እኔ ልናገርላቸው።»

ዳሰሰ። «እጅዎ ላይ አምባር የለም፤ ባል ያላት አታወልቀውም፤ ሞቶብዎታል። እማማ፣ የሚበሉት ደረቅ ነው፤ ቅቤ የሚባል አልነካውም። የሚበሉትም ብቻዎን ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው አንጀቱ ይቋጠራል።» ወንበሩ ላይ ያሉትም እንዲማሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ልጅ የለዎትም?»

ማቱራባይ የሱማንን ክንድ ጨመቀች።

«አንድ ወንድ ልጅ አላቸው» አለች ሱማን።

«ታዲያ የት ሄዶ ነው? እናቱን ጎረቤት ጎትቶ ሐኪም ቤት ሲያመጣት አያፍርም? ሂርዳማ ማጠጣት እንዲህ ያለውን ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ድንጋይ እንዲወጣለት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሱም ሳቁን ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሌላው ጫማውን ማየት ጀመረ። ማቱራባይ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች፤ ለራሷ አፍራ አይደለም፣ ለእሱ ነው። እጇን ሳበች። «ይቆዩ እማማ፣ አልጨረስኩም» ብሎ አጥብቆ ያዘና ዓይኑን ገለጠ።

የሳሪዋ ጫፍ ከፊቷ ተንሸራቶ ነበር።

መድኃኒቱን ቀና ብሎ ሳያያት ቋጠረላት። አባባሉን አልጨመረም። እሷም ጥቅሉን ተቀብላ በግቢው አቋርጣ ወደ ክፍሏ በመግባት ፈንታ፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ በመንገዱ በር ወጣች።

ቀትር ላይ ቂጣዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ክፍሏ ጨለመ። ሞሬሽዋር የምሳ ሳህኑን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ማቱራባይ ቂጣውን ቶሎ ብላ ከምንጣፉ ሥር ሸጎጠችው። ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል ፊቷ ጋለ።

«አውጪው እማዬ።»

«ለቁራ ያስቀመጥኩት ነው።»

ምንጣፉን ገልጦ ራሱ አወጣው። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠ፣ አላመጠ፤ አልወርድ አለው።

«ውሃ ውስጥ ንከረው» አለችው። «እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ክፉ ልትናገረው አይደለም፤ እንዲቀለው ብላ ነው። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«የአገሩን ሰው ሁሉ እጅ አውቃለሁ» አለ። «ያንቺን አላወቅሁትም።»

ሥራ በዝቶብህ ነው ልትለው ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ጊዜ ለራሷ ብላዋለች። ሞሬሽዋር ቅቤ የፈሰሰበትን ሩዙን ወደ እሷ ገፋ አደረገ፤ ያንኑ የወትሮውን ጥያቄም ጠየቃት፣ ዛሬ ግን ተቀምጦ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

ለጀርባው ስትመልስ የኖረችውን መልስ ለፊቱ ማለት አፈረች።

«ደህና አይደለሁም ልጄ» አለች።